ጎንደር አርፏል

ሰው ጊዜ ሲያጥረው የሚሠራው ስሕተት ትንሽ ነው። ትልቁን ስሕተት የሚሠራው ጊዜ ሲተርፈው ነው። የቸኮለ ሰው ቢበዛ ቁልፍ ይረሳል፣ ሻይ ያፈሳል፣ የማያውቀውን ሰው ጠምጥሞ ይስማል። ጊዜ የተረፈው ሰው ግን ማሰብ ይጀምራል። ማሰብ ከጀመረ ደግሞ ዘመድ ትዝ ይለዋል። ዘመድ ትዝ ያለው ሰው ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ባለፈው ታኅሣሥ ዳባት ላይ አሳይቻለሁና እስቲ አረፍ ብዬ ላውጋችሁ። «አረፍ ብዬ» ስል ወንበር ላይ ማለቴ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ይህችን ቃል ሳላብራራ አልጠቀምባትም።

ሥራዬ ሚዛን መጠገን ነው። ሰሊጥ በሚመዘንበት ወራት ሁመራ ወርጄ፣ ገበሬውም ነጋዴውም ዓይኑን የሚያፈጥበትን ሚዛን ልኩን አስይዤ እመለሳለሁ። ሰውም ሚዛንም ይዋሻል፤ የሚዛን ውሸት ግን በመፍቻ ይስተካከላል። ስለዚህ ከሰው ይልቅ ከሚዛን ጋር መዋል ይቀናኛል። ባለቤቴ ይህን ጠባዬን በሌላ ስም ነው የምትጠራው፤ እዚህ አልጽፈውም። ያን ጊዜ ታዲያ የመመለሻ ትኬቴ በጎንደር በኩል ሆነ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጎንደር እወርዳለሁ፤ ከዚያ የአዲስ አበባውን አውሮፕላን እስከ ቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት እጠብቃለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ! ትራንዚት የሚሉት ይህ ነው።

አውሮፕላን ማረፊያው አዳራሽ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ ነበር። ብዙ አገር የዞረ መሆኑን ሻንጣው ላይ የተለጣጠፈው ወረቀት ይመሰክርለታል። ዘጠኝ ሰዓት እንደምጠብቅ ስነግረው ያዝንልኛል ብዬ ነበር። እሱ እቴ! ጭራሽ ቀናብኝ። በሠለጠነው ዓለም ሰው ትራንዚቱን ተጎልቶ አያሳልፍም አለኝ፤ ከተማ ይወጣል፣ ይጎበኛል፣ ይበላል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ተመልሶ ይሳፈራል። አንተም ግንቡን ለምን አታይም አለኝ። ግንቡን በስምንት ዓመቴ አይቼዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ የጨመረው ነገር ያለ አይመስለኝም። ነገሩ ግን ልቤ ገባ። ዘጠኝ ሰዓት ቁጭ ብሎ ጣሪያ ማየት በእውነትም ግፍ ነው። ምን ባደርግበት ይሻላል ብዬ ሳወጣ ሳወርድ አክስቴ መጣችብኝ።

አክስቴ እትዬ ጥሩነሽ የአባቴ እህት ናት። ከጎንደር በስተሰሜን ካለችው ከዳባት፣ አስፋልቱ ላይ ተወርዶ በእግር ግማሽ ሰዓት በሚያስኬድ መንደር ትኖራለች። ሰባተኛንና ስምንተኛን ክፍል የተማርሁት ከእሷ ቤት እየተመላለስሁ፣ ከአንድ ልጇ ከመልካሙ ጋር በአንድ ቁርበት እየተኛሁ ነው። መልካሙ ዛሬ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ በጅቡቲ መንገድ ይመላለሳል። ለእናቱ ስኳር ይልካል፣ ብርድ ልብስ ይልካል፣ የደም ብዛት መድኃኒቷን ይልካል፤ ራሱን ግን አይልክም። ቤቱን ከረገጠ አራት ዓመት አልፎታል። እሱን ልውቀሰው እንዳልል እኔም ካየኋት ሦስት ዓመት ሆኖኛል፤ የምሻለው በአንድ ዓመት ብቻ ነው።

ድንገት ብደርስባት እንዴት ደስ ይላት! አልሁና ስልኬን አወጣሁ። አክስቴ ስልክ አላት፤ ቤቷ ከጉብታው ሥር ስለሆነ ግን ኔትወርክ አይደርስበትም። ስለዚህ ሁልጊዜ እንደማደርገው ከጉብታው ላይ ላለው ቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪ ለቄሰ ገበዝ ተገኘ ደወልሁ። መስመሩ ይንኮሻኮሻል፣ ይቆራረጣል፣ አንዳንዴም ጭልጥ ብሎ ይጠፋል። ጮክ ብዬ፣ «አባ፣ የሁመራው አውሮፕላን ጎንደር አርፏል፤ እስከ ማታ ጊዜ ስላለኝ መምጣቴ ነው፤ አደራዎን ለአክስቴ እንዳይነግሯት!» አልኋቸው። ከዚያ «ሰምቼሃለሁ፣ ልጄ። እግዜር ያ...» ሲሉ መስመሩ ተቆረጠ። «ያግባህ» ሊሉ ነው ብዬ ቀሪውን ራሴ ሞላሁት። የተቆረጠ ስልክ መጥፎነቱ ይኸው ነው፤ ሁሉም ጎደሎውን በመሰለው ይሞላዋል።

የሚዛን ሰው ነኝና ሰዓቱን በግራም አከፋፈልሁት። እስከ መናኸሪያው ይህን ያህል፣ እስከ ዳባት ይህን ያህል፣ በእግር ይህን ያህል፤ ከአክስቴ ጋር የምቀመጥበት ሁለት ሰዓት ይተርፈኛል። ሻንጣዬ ከሁመራ ከሸመትሁት ሰሊጥ ጋር ወደ አዲስ አበባ ስላለፈ ባዶ እጄን እንዳልሄድ አንዲት ጥሩ ነጠላ ገዛሁላት። ሚኒባሱ «አንድ ሰው ብቻ ቀረን» እየተባለ አምስት ሰው ጠብቆ ተነሣ። ደጋው ኮሶዬ ላይ ስንደርስ መስኮቱ አልዘጋ አለ። ከሁመራ በአንድ ሸሚዝ ለመጣ ሰው የኮሶዬ ንፋስ የሚቻል አይደለም። ጥርሴ ሲንገጫገጭ ያየችኝ አንዲት ሴት፣ «ምነው ጌታዬ፣ ነጠላውን ታቅፈው በብርድ ይሞታሉ እንዴ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። የሴት ነጠላ ቢሆንም ብርድ የወንድ የሴት አይልም ብዬ ተጠመጠምሁበት። ጥለቱ ወዴት እንደዞረ ማን አይቶት!

ከአስፋልቱ ወርጄ የግማሽ ሰዓቱን መንገድ በሃያ አምስት ደቂቃ ሄድሁት። ከጉብታው ሥር ስደርስ ቄሰ ገበዝ ተገኘ ከሰባት ስምንት ሽማግሌዎች ጋር ዱላቸውን ተመርኩዘው ቆመዋል። በውቂያ ወራት፣ ሐሙስ ቀን፣ ይህን ያህል ሰው ሥራ ፈትቶ መቆሙ ገርሞኝ ነበር። ግን መከበርን የሚጠላ የለምና ለእኔ አቀባበል መሆኑን በደስታ ተቀበልሁት። ቄሰ ገበዝ በመስቀላቸው ግንባሬን ዳሰሱኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አላወቀችም። እንዳልኸን አልነገርናትም» አሉኝ። አመሰገንኋቸው። «ነገር ግን ልጄ፣ ይህን ብቻህን አትችለውም ብለን ነው የተሰባሰብነው» አሉ። ድንገተኛ ደስታ ለደም ብዛት አይሆንም ብለው ተጨንቀው መሰለኝ። ደም ብዛቷ እንዴት ነው? አጠገቧ ሰው አለ? ብዬ ጠየቅሁ። የአክስቴ ጎረቤት አያ ፈንታ ዓይኑን በጋቢው ጠረገና፣ «አዬ! የወንድም ልጅ እንዲህ ነው እንጂ!» አለ። እኔንም ነካ አደረገኝ።

ብዙ እንደማልቀመጥ፣ ዓይኗን ብቻ አይቼ እንደምመለስ ነገርኋቸው። ተያዩ። አያ ፈንታ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «እሱስ በስንት ሰዓት ይነሣል?» አለኝ። አውሮፕላኑን የጠየቀኝ መስሎኝ፣ «ከጎንደር በአሥራ አንድ ሰዓት ይነሣል» አልሁት። ቄሰ ገበዝ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «እንግዲያማ ለዛሬ አይደርስልንም። ፍትሐቱንም ቀብሩንም ለነገ እናድርገው» አሉ።

ብዙ አገር ባልዞርም አውሮፕላን ፍትሐት እንደማይደረግለት አውቃለሁ። የማን ቀብር? ብዬ ጠየቅሁ። ቄሰ ገበዝ በስልክ የሰሙትን ቃል በቃል ነገሩኝ፤ «ጎንደር አርፏል... መምጣቴ ነው... ለአክስቴ እንዳይነግሯት።» የሁመራው አውሮፕላን መስመሩ ሲንኮሻኮሽ መንገድ ላይ ቀርቷል። መልካሙ መኪና ነጂ ነው፣ ጎንደር ደግሞ ትልቁ ሆስፒታል ያለበት ከተማ ነው፤ ታዲያ ሌላ ምን ይሰማቸው? «እግዜር ያ...» ያሉኝም «ያጽናህ» ኖሯል። ቢጠራጠሩ ኖሮ እንኳ እኔ ከአስፋልቱ ስወርድ ጥርጣሬያቸውን ጨርሼላቸዋለሁ። ነጠላውን አዘቅዝቄ ነበር የለበስሁት፤ ጥለቱ ሽቅብ አንገቴ ላይ ተጠምጥሟል። በዚያ አገር ሐዘንተኛ ካልሆነ ማን እንዲህ ይለብሳል?

«ማንም አልሞተም! ያረፈው አውሮፕላኑ ነው!» ብዬ ጮህሁ። በሐዘን አዩኝ። አያ ፈንታ ብቻ ቀስ ብሎ፣ «ከነተሳፋሪው?» አለኝ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ወሬው በዝግታ ተጠግቶ ነው የሚነገረው። መርዶ ይዞ የመጣ ሰው ደግሞ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ድረስ የሚናገረው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «ደህና ነው።» ግፋ ቢል «ትንሽ አሞት ነበር» ይላል። ስለዚህ እኔ «መልካሙ ደህና ነው» ባልሁ ቁጥር መልካሙን አንድ ክንድ ወደ ታች አወርደው ነበር። ማርያምን ደህና ነው ብዬ ስምልማ የቀረውን አፈር መለስሁበት። ቄሰ ገበዝ ትከሻዬን ይዘው፣ «ተው ልጄ፣ እኛን እንኳ አትደብቀን። ሥጋ የለበሰ ሁሉ ሟች ነው» አሉኝ።

በዚህ መሐል አክስቴ ከደጇ ብቅ አለች። ሽማግሌዎቹን አየች፣ ነጠላዬን አየች። አልጮኸችም። ቀስ እያለች መጥታ ፊቴ ቆመችና፣ «መልካሙ ነው?» አለችኝ። «ደህና ነው፣ አክስቴ» አልኋት። ከዚህ ሌላ ምን ልበላት? ከቆመችበት መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሴቶቹ ከየደጁ እየጮኹ መጡ። በሕይወቴ ያን ቀን ያፈርሁትን ያህል አፍሬ አላውቅም። ያሳደገችኝን ሴት ዘጠኝ ሰዓት ስለተረፈኝ ብቻ ገደልኋት አልሁ።

የባሰው ግን ገና ነበር። መልካሙ ደህና መሆኑን እኔስ በምን አውቄ ነው የምምለው? ድምፁን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ለመስቀል ነው። ሳይመዝን ኪሎ የሚናገር ሰው ስመለከት የምንቀው እኔ፣ ጭራሽ በማርያም ስም ምያለሁ! ሁሉን ትቼ ስልኬን ይዤ ኔትወርክ ወዳለበት ወደ ጉብታው ሮጥሁ። ደወልሁ፤ የለም። ደግሜ ደወልሁ፤ የለም። ከሥር ሙሾ እየወጣ ነው። የመልካሙን ደግነት፣ የመልካሙን ቁመት፣ የመልካሙን መኪና ጎማ ብዛት ሳይቀር ያነሣሉ። ስንት ጊዜ እንደደወልሁ እንጃ፤ ሽማግሌዎቹ የማያውቁት የለም፣ ምናልባት ልክ እነሱ ይሆናሉ ብዬ እኔም ዕንባዬ መጣ። ያኔ ስልኩ ጠራ።

«ሃሎ» አለ መልካሙ። በጅቡቲ መንገድ፣ ሚሌ አካባቢ ጎማ እየቀየረ ነበር። «መልካሙ፣ አለህ?» አልሁት። አለሁ፣ ምነው ምን ሆንህ አለኝ። እንዳይዘጋው ለምኜው ወደ ታች ተጣራሁ፤ አክስቴን ይዛችሁልኝ ውጡ! ያን ያህል ሕዝብ ሙሾውን ሳያቋርጥ ሽቅብ መጣ። መልካሙ ሰማው። «ምንድን ነው የምሰማው? ለቅሶ ነው? እናቴስ?» አለኝ። አትደንግጥ፣ እናትህ ደህና ናት አልሁት። መልካሙ የዳባት ልጅ ነው፤ ደህና ናት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ ይበልጥ ያውቃል። «የት ናት?» ሲለኝ ደግሞ የአፌ ጉድ፣ «ይኸው እያመጧት ነው፤ ሰዎች ይዘዋት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እየወጡ ነው» አልሁት።

አክስቴ ደረሰች፤ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረግሁላት። «እማዬ!» የሚለው ጩኸቱ ለእኔም ተሰማኝ። እሷ ግን ቃል አልወጣትም፤ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ያን ጊዜ የስልኬ ባትሪ አለቀ። አክስቴ የልጇን ድምፅ ሰምታለች፤ ለእሷ ተፈጸመ። ለመልካሙ ግን ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወሰድ ሰውና የሴት ለቅሶ ነው የደረሰው። በኋላ እንደሰማሁት ወዲያው ለቄሰ ገበዝ ደውሎላቸዋል። እሳቸውም ለስብከት በለመደ፣ በተረጋጋ ድምፃቸው፣ «ደህና ናት፣ ልጄ። ምንም አትሁን፤ ብቻ አጠገብህ ሰው አለ?» ብለውታል። ከዚህ በላይ ምን ማረጋገጫ ይፈልጋል?

ጉብታው ላይ ለቅሶው ወደ እልልታ ሲገለበጥ መሐሉን እንኳ አላየሁትም። እነዚያው ሴቶች፣ በዚያው አፍ! አክስቴ ዕንባዋን ጠርጋ መጀመሪያ የሠራችው ነጠላውን ከአንገቴ ላይ ገፍፋ ጥለቱን ወደ ታች ማዞር ነው። «እንዲህ ነው የሚለበስ፣ ደንቆሮ» አለችኝ። እንደገዛሁላት ስነግራት ለበሰችው፤ ደንቆሮ ማለቷን ግን አላነሣችውም። ልሂድ ብል ማን ለቆኝ። ለለቅሶው የተቀቀለው ንፍሮ ደርሶ ነበርና ንፍሮ አይደፋም ተባለ። አያ ፈንታ እፍኝ ሙሉ እየዘገነ፣ «የመልካሙን ንፍሮ ራሱ መልካሙ ሳይቀምሰው!» እያለ እስኪያስለው ሳቀ። እኔም በላሁ፤ ደግሞም ይጣፍጥ ነበር።

የግራም ሒሳቤ እንዳልነበር ሆኗል። ዳባት ላይ ያገኘሁት ሚኒባስ ሽንኩርትም ሰውም ጭኖ፣ በየመንደሩ እየቆመ፣ ነፍሴን በእጄ አስይዞ ጎንደር አደረሰኝ። አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ስወርድ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ነበር። እያለከለክሁ ዘበኛውን፣ የአዲስ አበባው አውሮፕላን ሄደ እንዴ አልሁት። ዘበኛው ተረጋግቶ፣ «ኧረ ገና አላረፈም» አለኝ። እግዜር ዕድሜ ይስጠው አልሁት። አውሮፕላኑን ይሁን እሱን መመረቄ አልገባውም መሰለኝ፤ አሜን አለ።

በሦስተኛው ቀን መልካሙ መኪናውን ለባልደረባው አስረክቦ፣ ጥቁር ሸሚዝ ለብሶ፣ ስልኩን ዘግቶ፣ ሁለት ቀን በዕንባ ተጉዞ መንደሩ ገባ። የእናቱን መቃብር ሊያይ ወደ ጉብታው ሲወጣ እናቱ አዲስ ነጠላ ለብሳ፣ ከደጇ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ምን እንደተባባሉ የነገረኝ የለም። ብቻ ገናን ከእሷ ጋር ውሎ፣ ያዘመመውን አጥር ደግፎ፣ ጥምቀት ሲያልፍ ወደ መንገዱ ተመለሰ።

በሳምንቱ ስልኬ ጠራ። አክስቴ ናት፤ ለእኔ ብላ ጉብታው ላይ ወጥታ ደውላ አታውቅም። ልቤ ድንግጥ አለና ደህና ነሽ ብዬ ልጠይቃት ስል አፌን ያዝሁት። እሷ ግን የመጣችው በሌላ ጉዳይ ነበር። «ያ ነገር ምን ነበር ስሙ፣ የወንድሜ ልጅ? ያ ይዞህ የመጣው?» አለችኝ። ትራንዚት ነው አልኋት። «እ፣ እሱ። ለፋሲካም ይኖርሃል?» አለች። የሰሊጥ ወራት ስላለፈ በዚያ በኩል እንደማልመጣ፣ በጣም እንደማዝን ነገርኋት። እንዲህ አለችኝ፦

«ይሁን፣ አንተስ አትልፋ። ሰሞነ ሕማማት ሲገባ ለመልካሙ ብቻ ደውልና ‹እናትህ ደህና ናት› በልልኝ።»